አድልዎ ወይስ ትውውቅ? በፕሮፌሽናል ራግቢ ተጫዋች የሚመረጥበት መንገድ

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ በአንድ የፕሮፌሽናል ራግቢ ክለብ የታዳጊዎች አካዳሚ ውስጥ በፍላንከርነት (ኳስ የያዘን ተጋጣሚ በመጣልና ኳስ በመንጠቅ በሚታወቀው ቦታ) ይጫወታል። አሰልጣኙ ዘወትር በቋሚነት የሚያሰልፋቸው ቀደም ሲል ራሱ ያሠለጥንበት ከነበረው ትምህርት ቤት የመጡትን ልጆች ነው። የእኔ ልጅ በልምምድ ከማናቸውም ባያንስም በተቀያሪ ወንበር ላይ ይውላል። በላይኛው ደረጃስ ምርጫው በእርግጥ በችሎታ ነው ወይስ በዘመድና በትውውቅ? ልጄ እስከ 18 ዓመቱ የሙያ ውል ካላገኘስ ነገሩ አበቃለት ማለት ነው?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ የታዳጊ ቡድን በሚመረጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ለብዙ ዓመታት የተቀመጥሁ ሰው ነኝና ጥያቄዎን ያነበብሁት በሁለት ስሜት ነው። የወላጅ ቅሬታ ብዙ ጊዜ እውነት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ቅሬታው የሚያነጣጥርበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መሆኑንም አውቃለሁ። በፕሮፌሽናል ራግቢ ውስጥ አድልዎ አለ። ሰው አድልዎውን የሚፈልገው ግን የሳምንቱ ግጥሚያ 23 ተጫዋቾች ስም ይፋ በሚሆንበት ዕለት ነው፤ ያ ዝርዝር በአመዛኙ የተጻፈው ከዚያ ስምንትና አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የትኛው ልጅ ስንት ደቂቃ እንዲጫወት እንደተፈቀደለት በተወሰነበት ጊዜ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በጣም ከሚወራውና እኔን ግን እምብዛም ከማያሳስበኝ ልጀምር፤ እርሱም የሥጋ ዝምድና ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለውን አባባል በራግቢ ሊያስረዳ የሚፈልግ ሰው ፈጥኖ የሚጠራው የፋረልን ቤተሰብ ነው። ኦወን ፋረል በ2012 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ አባቱ አንዲ ፋረል ከረዳት አሰልጣኞቹ አንዱ ነበር። በ2025 ደግሞ አባትየው የብሪታንያና የአየርላንድ ላየንስን፣ ማለትም ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ ተመርጦ ወደ ውጭ የሚጓዘውን የጋራ ቡድን፣ በዋና አሰልጣኝነት እየመራ አውስትራሊያ ሳለ ኤሊዮት ዴሊ ተጎዳ፤ በምትኩ የተጠራውም ከ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ወዲህ ለአገሩ ተሰልፎ የማያውቀው ልጁ ኦወን ነበር። ብዙ ተባለ። ይሁን እንጂ ለእንግሊዝ ከ100 ጊዜ በላይ የተሰለፈና ቀደም ሲል በሦስት የላየንስ ጉዞዎች የተካፈለ ተጫዋች፣ አሰልጣኙ ባዕድ ቢሆንም እንኳ ስሙ በእጩነት መነሣቱ አይቀርም ነበር። የሥጋ ዝምድና ለሁሉም ስለሚታይ በራሱ ላይ ዘበኛ ያቆማል፤ አባት ልጁን ሲመርጥ አገር ሁሉ ዓይኑን ይጥልበታል። ትውውቅ ግን ዘበኛ የለውም፤ እንዲያውም ራሱን «ልምድ»፣ «አስተማማኝነት»፣ «የቡድን መንፈስ» እያለ ስለሚጠራ መራጩ ራሱ አያውቀውም።

የዚህ ጉዳይ ትልቁ ምሳሌ በ2013 በሲድኒ ከአውስትራሊያ ጋር የተደረገው የላየንስ ሦስተኛና ወሳኝ ግጥሚያ ነው። በዚያን ጊዜ የላየንስ ዋና አሰልጣኝ የነበረው ዋረን ጋትላንድ የዌልስ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝም ነበር። ከ15ቱ ቋሚ ተሰላፊዎች 10ሩን ከዌልስ መረጠ፤ በአራተኛ የላየንስ ጉዞው ላይ የነበረውንና በ2005 አምበል የነበረውን አየርላንዳዊውን ብራያን ኦድሪስኮልን ከተቀያሪዎቹ ዝርዝር ሳይቀር አወጣው። ቁጣው አየርላንድን አዳረሰ። ውጤቱ ግን 41 ለ16 ሆኖ ላየንስ ውድድሩን 2 ለ1 አሸነፈ። ታዲያ ይህ አድልዎ ነበር? እኔ አልነበረም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ማሸነፋቸው አይደለም፤ ቢሸነፉም ይህንኑ እል ነበር። ጋትላንድ የመረጣቸው የመሐል ተጫዋቾች ጄሚ ሮበርትስና ጆናታን ዴቪስ ለዓመታት ጎን ለጎን የተጫወቱ ነበሩ፤ ራግቢ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ አብሮ መኖር ከሌሎች ጨዋታዎች የበለጠ ዋጋ ይከፍላል። በስክረም፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተያይዘው ለኳስ በሚገፋፉበት ጊዜ፣ ስምንት ሰዎች በአንድ ቅጽበት መግፋት አለባቸው። ኳስ ከመስመር ውጭ ተወርውራ ስትገባ ወርዋሪው፣ ዘላዩና አንሺዎቹ በግማሽ ሰከንድ ሊለያዩ አይችሉም። የመከላከያው መስመር ወደፊት ሲወጣ አንዱ ጎረቤቱን ሳያምን ቢያመነታ ክፍተቱ ወዲያውኑ ይፈጠራል።

በ2003ቱ የዓለም ዋንጫ አንገቱ ተጎድቶ ጨዋታ ያቆመው የቀድሞው የአውስትራሊያ ፕሮፕ (በስክረም የፊት መስመር ዳር የሚገፋ ተጫዋች) ቤን ዳርዊን በኋላ ዘመኑ ይህንኑ ጉዳይ ሙያው አድርጎታል፤ እርሱና ባልደረቦቹ ቡድኖችን የሚመዝኑት ተጫዋቾቹ አብረው ባሳለፉት ጊዜ ነው። እኔ የእርሱን ድምዳሜ ሁሉ ባልቀበልም መሠረቱን ግን እቀበለዋለሁ። ከአንድ ክለብ የመጡ ሰዎችን በአንድ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ማብዛት በራሱ የወገንተኝነት ማስረጃ አይሆንም። በ2025ቱ ላየንስ መጀመሪያ ከተጠሩት 38 ተጫዋቾች 15ቱ አየርላንዳውያን ሲሆኑ ከእነርሱም 12ቱ የደብሊኑ ክለብ የሌንስተር ተጫዋቾች ነበሩ። የሌሎቹ የአየርላንድ ክለቦች፣ የአልስተርና የኮናክት ደጋፊዎች ለምን እንደሚያጉረመርሙ ይገባኛል፤ ሆኖም አንድ አሰልጣኝ የተዘጋጀ ሥርዓት በእጁ እያለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ልሥራ ቢል እርሱን ነበር መጠየቅ የሚገባው።

የሚያሳስበው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። መግባባት አብሮ በመጫወት የሚገኝ ከሆነ የሚያገኘው የተመረጠው ብቻ ነው፤ ያልተመረጠው ደግሞ «ከቡድኑ ጋር አልተዋሐደም» ተብሎ እንደገና ይቀራል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ጥንቃቄ በዚህ መንገድ ራሱን እያረጋገጠ ይሄዳል። እኔም ከዚህ ነጻ አልነበርሁም። በአንድ ወቅት ሁለት ፍላንከሮች ነበሩን፤ አንዱን ለሦስት ዓመት አሠልጥኜዋለሁ፣ ሌላው በቅርቡ የመጣ ነበር። የማውቀው ልጅ ኳስ የያዘ ተጋጣሚ መጣል ሲያቅተው «ዛሬ ቀኑ አይደለም» ብዬ እጽፍ ነበር፤ አዲሱ ያንኑ ስህተት ሲሠራ ግን «ትኩረት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍሁ። ማስታወሻዬን ከወራት በኋላ ሳገላብጥ የመዘንሁት አንዱን በሚሠራው፣ ሌላውን በሚመስለኝ እንደነበር አየሁ። ክፋት አልነበረውም፤ ልጁ ግን ወቅቱን በወንበር ላይ አሳልፏል። ከዚያ ወዲህ መራጮች ከመነጋገራቸው በፊት ዝርዝራቸውንና ምክንያታቸውን ለየብቻ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም አንዴ ዋናው አሰልጣኝ ስም ከጠራ ሌላው ሁሉ ያንን ስም የሚደግፍ ምክንያት ፍለጋ ይገባል።

ከውጭ ሲታይ አድልዎ የሚመስል፣ ነገር ግን የታወጀ ደንብ የሆነም አለ። ስቴፈን አርሚቴጅ በ2014 ከፈረንሳዩ ክለብ ከቱሎን ጋር የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሲሸለም ለእንግሊዝ ግን አልተጠራም፤ እንግሊዝ በውጭ አገር ክለብ የሚጫወትን ሰው ከልዩ ሁኔታ በቀር አትመርጥምና። ዌልስም ለረጅም ጊዜ በውጭ የሚጫወት ሰው ለመመረጥ ቀድሞ 60 ጊዜ ለአገሩ መሰለፍ አለበት ትል ነበር፤ በ2023 ወደ 25 አወረደችው። ደንቡ ጠቃሚ ነው አይደለም በሚለው መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋልና ከአድልዎ አልቆጥረውም። በተቃራኒው በ2015 እንግሊዝ ከራግቢ ሊግ (ሌላ ሕግ ካለው የራግቢ ዓይነት) ከመጣ ዓመት ያልሞላውን ሳም በርጀስን ለዓለም ዋንጫ ስትመርጥ፣ ክለቡ በብዛት በፍላንከርነት ያሰልፈው የነበረውን ሰው ብሔራዊ ቡድኑ በመሐል ቦታ አሰለፈው። አስተናጋጇ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ጥፋቱ የአንድ ሰው አልነበረም፤ በርጀስም ድንቅ ስፖርተኛ ነበር። ለሌሎቹ የመሐል ተጫዋቾች ግን «ዓመቱን ሙሉ በቦታችሁ የሠራችሁት ሥራ መስፈርት አይደለም» የሚል መልእክት ደርሷቸዋል፤ መስፈርት ለአንድ ሰው ሲባል ሲታጠፍ ነው እኔ አድልዎ የምለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መንገዱ እንምጣ። ራግቢ ዩኒየን፣ ማለትም እዚህ የምናወራበት ባለ 15 ተጫዋች ራግቢ፣ በይፋ ለሙያተኞች የተከፈተው በኦገስት 1995 ነው፤ ከዚያ በፊት ለመቶ ዓመት ያህል አማተር ሆኖ ሲኖር በብዙ አገሮች ተጫዋች ያፈሩለት የነበሩት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ገንዘቡ ሲመጣ ክለቦቹ አካዳሚያቸውን የተከሉት በዚሁ አሮጌ መሠረት ላይ ነው። በአየርላንድ የሌንስተር ጥንካሬ ከደብሊን ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች ጋር የተቆራኘ ነው፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለ16 ዓመት ልጅ የጡንቻ ማጎልበቻ ክፍል፣ የቪዲዮ ተንታኝና የሙሉ ጊዜ አሰልጣኝ ያቀርባሉ። የአካዳሚው መራጭ በአንድ ከሰዓት ሁለት እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሲጋጠሙ ማየት ይችላል። ስለዚህ የሚያየው የሰለጠነ ልጅ ነው፤ ያልሠለጠነውን ባለተሰጥኦ ለማየት ግን ብዙ ኪሎ ሜትር መጓዝና ብዙ መገመት ይኖርበታል። ከካርሎ አውራጃ የተነሣው ሾን ኦብራየንና ከዌክስፎርድ የመጣው ታይግ ፈርሎንግ ከዚያ ክበብ ውጭ ሆነው እስከ ላየንስ መድረሳቸው በየጊዜው ይጠቀሳል፤ ሲጠቀስም እንደ ልዩ ታሪክ መሆኑ ራሱ ስለ መንገዱ ይናገራል።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ጉዳዩ በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታይባት አገር ናት። በ1995 የዓለም ዋንጫን ባነሣው ቡድን ውስጥ ነጭ ያልሆነው ተጫዋች ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። ሲያ ኮሊሲ ዝዊዴ ከተባለው የጥቁሮች ሰፈር ተነሥቶ በ2018 የመጀመሪያው ጥቁር አምበል፣ በ2019ና በ2023ም የዓለም ዋንጫ ባለቤት ሆኗል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ጽናት ታሪክ ይተረካል፤ ለእኔ ግን ዋናው ነጥብ ገና በልጅነቱ በነጻ ትምህርት ዕድል ግሬይ ወደተባለ ስመ ጥር ትምህርት ቤት መግባቱ ነው። ማለትም ተሰጥኦው አሮጌውን በር አልሰበረም፤ አንድ ሰው አይቶት በሩን ከፈተለት። ከእርሱ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ማካዞሌ ማፒምፒ ነው። በምሥራቅ ኬፕ ገጠር አድጎ፣ መራጮች በየዓመቱ የሚሰበሰቡበትን የትምህርት ቤቶች ራግቢ መሰላል ሳይወጣ፣ ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በ27 ዓመቱ ነበር፤ በ2019ኙ ፍጻሜም በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠረ የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊ ሆነ። ማፒምፒን ለ18 ዓመት በታች ቡድን ያልመረጠው ሰው ምናልባት ማንንም አልጠላም፤ ጨርሶ አላየውም።

የደቡብ አፍሪካ ራግቢ አስተዳደር የጥቁር ተጫዋቾችን ድርሻ በ2019 ወደ ግማሽ ለማድረስ ዒላማ ሲያስቀምጥ «ይህ ራሱ አድልዎ ነው» የሚል ብዙ ነበር። ክርክሩን እዚህ ልጨርሰው አልችልም፤ ነገር ግን ኮታ በብሔራዊ ቡድኑ ጫፍ ላይ ብቻ ሲጣል ተጫዋቹን «በኮታ የገባ» የሚል ስም ያሸክመዋል፤ ከሥር ሲጣል ግን የመጫወቻ ደቂቃ ይፈጥራል። ፈረንሳይ ያደረገችው የዚህ ዓይነቱን ነው። ክለቦቿ ከውጭ በሚመጡ ኮከቦች ሲጥለቀለቁ፣ በአገር ውስጥ ማሠልጠኛ ያደጉ ተጫዋቾች በየግጥሚያው ዝርዝር ውስጥ በአማካይ ከተወሰነ ቁጥር እንዳያንሱ ደነገገች፤ ደንቡን የጣሰ ክለብ ነጥብ እስከ መቀነስ ይቀጣል። ፈረንሳይ በ2018፣ በ2019ና በ2023 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን በተከታታይ (በመካከሉ ባሉት ዓመታት ውድድሩ አልተካሄደም) ማሸነፏ የዚህ ደንብ ውጤት ብቻ ነው ባልልም፣ ድርሻ የለውም የሚል ካለ አልስማማም። ፊጂም ከዚህ የተለየች አይደለችም። የፊጂያን ድሩዋ ክለብ በ2022 የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ ክለቦች ወደሚወዳደሩበት ሱፐር ራግቢ እስኪገባ ድረስ የዚያች አገር ልጅ ሙያተኛ ለመሆን ባሕር መሻገር ነበረበት፤ በ2023 ፊጂ እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ በትዊክናም አሸንፋ በዓለም ዋንጫውም ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ ከቡድኑ ብዙዎቹ የድሩዋ ልጆች ነበሩ። ተሰጥኦው ቀድሞም ነበረ፤ የተጨመረው በየሳምንቱ አብሮ የሚጫወትበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ልጅዎ የተወለደው በስንተኛው ወር ነው? የዕድሜ እርከን ሁሉ የመቁረጫ ቀን አለው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ሴፕቴምበር 1 ነው፣ በሌሎች ብዙ ቦታዎች ጃንዋሪ 1 ነው። ከመቁረጫው በኋላ ወዲያው የተወለደ የ14 ዓመት ልጅ በዚያው እርከን መጨረሻ ላይ ከተወለደው በዓመት ሊበልጥ ይችላል፤ በዚያ ዕድሜ ዓመት ማለት ደግሞ ቁመትም ክብደትም ፍጥነትም ነው። በአካዳሚዎች ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተወለዱት ከሚገባቸው በላይ በዝተው ይገኛሉ። በአንድ የእንግሊዝ አካዳሚ ላይ የተደረገ ጥናት ያሳየው ሌላው ነገር ግን ብዙ ወላጅ አይሰማውም፤ ወደ ሙያ ደረጃ የመሻገር ዕድላቸው ከፍ ብሎ የተገኘው በመጨረሻዎቹ ወራት የተወለዱት ነበሩ። ትልቁ ልጅ በጉልበት ሲያሸንፍ ትንሹ በብልሃት መትረፍን ይማራል፤ ሁሉም ሰው ካደገ በኋላ ብልሃቱ ይቀራል። ኒውዚላንድ በብዙ ቦታ ሕፃናትን በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በክብደትም ከፋፍላ የምታጫውተው ይህን አደጋ ስለምታውቅ ነው።

ስለ ልጅዎ አሰልጣኝ እኔ በሩቅ ሆኜ አልፈርድም። ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ የመጡት ልጆች የእርሱን አጨዋወት ለዓመታት ስለተማሩ በእውነት ቀድመው ሊሆን ይችላል፤ እኔ በማስታወሻዬ እንዳደረግሁት ስህተታቸውን በሌላ ዓይን እያየው ሊሆንም ይችላል። ሁለቱን መለያ መንገድ አለ። «ልጄ ለምን አይጫወትም?» ብለው አይጠይቁት፤ ያ ጥያቄ የሚያመጣው መከላከያ ብቻ ነው። ልጁ ራሱ ሄዶ «በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት እንዳሻሽል የሚፈልጉት ሁለት ነገር ምንድን ነው? የት ላይስ ያዩታል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ የሚለካ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከተጣለ በኋላ በስንት ሰከንድ ተነሥቶ ወደ መስመሩ ይመለሳል፣ በራክ ላይ (የተጣለ ሰው ላይ ተጫዋቾች ቆመው ለኳሱ በሚገፋፉበት) ኳስ ለመንጠቅ ሲገባ ስንቴ ቅጣት ያስከትላል የሚል ከሆነ፣ ሰውየው ተመልክቶታል። መልሱ «አመለካከት»፣ «ጊዜህ ይመጣል» የሚል ብቻ ከሆነ፣ ወይም ልጁ የተባለውን አሟልቶ ሌላ መስፈርት ከተተካበት፣ ቅሬታዎ መሠረት አለው።

የ18 ዓመት ገደብ የውል ገደብ ነው፤ የራግቢ ገደብ አይደለም። ዲዮን ፎሪ ለብዙ ዓመታት በፈረንሳይ ክለቦች ሲጫወት ኖሮ ለደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በ35 ዓመቱ ነበር። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ሁከሩ (በስክረም የፊት መስመር መካከል የሚቆመው) ማልኮም ማርክስ ሲጎዳ አሰልጣኞቹ በምትኩ ሌላ ሁከር አልጠሩም፤ መጀመሪያ ያልመረጡትን ፍላይ ሃፍ (ጨዋታውን የሚመራውን) ሃንድሬ ፖላርድን ጠሩ። ይህን ለማድረግ የደፈሩት ፎሪ ፍላንከርም ሁከርም መሆን ስለሚችል ነው። በፍጻሜው ሌላው ሁከር ቦንጊ ምቦናምቢ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተጎድቶ ሲወጣ የ37 ዓመቱ ፎሪ ቀሪውን ግጥሚያ በሙሉ ማለት ይቻላል ተሸከመው፤ ፖላርድም ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 12 ለ11 ስታሸንፍ 12ቱንም ነጥብ አስቆጠረ። ከ23ቱ ቢያንስ ስድስቱ በስክረም የፊት መስመር መጫወት የሚችሉ እንዲሆኑ ሕጉ ስለሚያስገድድ፣ በወንበሩ ላይ ሁለት ቦታ የሚሸፍን ሰው ሁልጊዜ ተፈላጊ ነው።

ይህን የምነግርዎት ልጅዎ ነገ ሁከር ይሁን ለማለት አይደለም፤ የፊት መስመር ለአንገትና ለትከሻ አደገኛ ስለሆነ በብቁ አሰልጣኝ ሥር በዝግታ የሚለመድ ነው። ሁለተኛ ቦታ መለማመድ ግን ከአሁኑ ሊጀመር ይችላል። ከሁሉ በፊት እስካሁን በውድድር ግጥሚያ የተጫወተውን ደቂቃ ቆጥረው ይጻፉ። ለ17 ዓመት ልጅ በታዋቂ አካዳሚ መለያ በወንበር ላይ የሚያልፍ ወቅት፣ በዝቅተኛ ክለብ በየሳምንቱ 80 ደቂቃ ከሚጫወትበት ወቅት ያንሳል። ስድስቱ ሳምንት አልፎ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ አካዳሚውን ለሌላ ክለብ በውሰት እንዲሰጠው ይጠይቁት፤ እምቢ ካለም ዝውውሩን በሚቀጥለው ወቅት መጀመሪያ ላይ ሳይሆን አሁን፣ ሌሎች ክለቦች ዝርዝራቸውን ሳይዘጉ ያስቡበት።